ነገር በምሳሌ

  ቀስ እያላችሁ አንብቡ። ቃሉ ሲከብዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ጆሮ ዓይንን ያግዛል።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለውን ተረት የማያውቅ በመካከላችን የለም። እስቲ ዛሬ ቆም ብለን እንየው። ጠጅ ጋን ውስጥ ሳለ ቀለሙ አይታይም። ጥሩ ይሁን ድፍርስ አይለይም። ብርሌ ውስጥ ሲቀዳ ግን ቢጫነቱ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ብርሌዋም ለእጅ ትመቻለች። ነገርም እንዲሁ ነው። በደፈናው ሲነገር ይጨልማል፤ ምሳሌ ሲገኝለት ይታያል፣ ይጨበጣል። ደግሞ ልብ በሉ፤ ተረቱ የምሳሌን ጥቅም ሲነግረን ራሱ በምሳሌ ነው የነገረን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው። አንዱን ነገር በሌላው አስመስሎ ማሰብ፣ ባጭሩ «ማመሳሰል» እንለዋለን። የማናውቀውን ነገር በምናውቀው በኩል መረዳት ማለት ነው። ብዙ ሰው ማመሳሰልን የንግግር ማጣፈጫ አድርጎ ያየዋል፤ እንደ ወጥ ቅመም። እኔ ግን ቅመሙ ብቻ ሳይሆን እህሉም እሱ ነው እላለሁ። ሰው ያለሱ ብዙ ርቆ ማሰብ አይችልም።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ቤታችሁን ዙሪያውን ተመልከቱ። ወንበር እግር አለው፤ ግን አይሄድም። ጀበና አፍ፣ አንገትና ሆድ አላት፤ ግን አትበላም። በክረምት ሜዳ ላይ ብቅ የሚለውን እንጉዳይ አባቶቻችን «የጅብ ጥላ» አሉት። ጅብ ጥላ ይዞ ሲሄድ ያየ ሰው አለ እንዴ? የለም። ግን ቅርጹን ያየ ሁሉ ስሙን ባንዴ ይረዳዋል። ጊዜ «ይሮጣል» እንላለን፤ እግር የለውም። ዋጋ «ወጣ»፣ «ወረደ» እንላለን፤ መሰላል የለውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንልም ስለ ሸረሪት እያወራን አይደለም። ቅኔውን እንኳ «ሰምና ወርቅ» ያልነው ከአንጥረኛ ሥራ ወስደን ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያፈስሰውና በቦታው ወርቁን ያፈስበታል።

እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ በዚሁ መንገድ ነው የሄዳችሁት። መጀመሪያ በ፣ ቡ፣ ቢ አላችሁ። ከዚያ ደ ሲመጣ ዱ እና ዲ አላስቸገሯችሁም። ለምን? ከ«ቡ» ጎን ያለችው ትንሽ ጭረት ከ«ዱ» ጎንም አለች። አስተማሪው ሳይነግራችሁ «ሱ»ንና «ኩ»ን ገመታችሁ። ይህ ግምት ማመሳሰል ነው። ሰባቱን መልክ ለእያንዳንዱ ፊደል እንደ አዲስ መሸምደድ ቢኖርብን ኖሮ ስንቱ ሰው መንገድ ላይ በቀረ!

ታዲያ «ረ» ላይ ስትደርሱ ምን ሆነ? የ«ሩ» ጭረት ከጎን የለችም፤ ከእግሩ ሥር ነው ያለችው። «ፉ»ም እንደዚያው። ሳድሱ ላይማ ል፣ ብ፣ ክ እያለ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ማመሳሰል ብዙ መንገድ ይወስዳል፤ እስከ መጨረሻው ግን አይወስድም። በንግግርም እንዲሁ ነው። በላ ብለን «ብላ» ካልን፣ መጣ ብለን «ምጣ» ማለት ነበረብን። እኛ ግን «ና» እንላለን። አፉን ገና የሚፈታ ሕፃን «ምጣ» ቢላችሁ አትሳቁበት፤ ደንቡን አውቆ፣ አመሳስሎ ነው የተናገረው። ያጠፋው እሱ ሳይሆን ቋንቋው ነው ቢባል ይሻላል።

አሁን አንድ ረዘም ያለ ታሪክ ልንገራችሁ።

ገበያ ወጥታችሁ ማሰሮ ወይም ጋን ስትገዙ ምን ታደርጋላችሁ? በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ ታደርጉታላችሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ከጮኸ ሸክላው ደኅና ነው። ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት። ጠላ ያለበትን ጋን ከውጭ ስትመቱትም ባዶ የሆነው ክፍል ይጮኻል፤ ጠላ ያለበት ክፍል ድምፁ ደፈን ይላል። ይህን ያስተማረን ማንም የለም፤ ከእናቶቻችን አይተን ነው የያዝነው።

በአውሮፓ፣ በኦስትሪያ አገር፣ ግራትስ በምትባል ከተማ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ባለቤት ነበር። በወይን ጠጅ በርሜሎቹ ውስጥ ስንት ወይን እንደቀረ ለማወቅ በርሜሉን በእጁ ይመታ ነበር ይባላል። የዚህ ሰው ልጅ ሊዮፖልድ አውንብሩገር ይባላል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1722 ተወለደ። አድጎ ሐኪም ሆነና በቪየና ከተማ በአንድ ሆስፒታል ይሠራ ጀመር። ያን ጊዜ ራጅ የለም፤ ራጅ የተገኘው በ1895 ነው። የሰው ደረት ደግሞ የተዘጋ ዕቃ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል? ብዙ በሽተኛ ሳንባው ዙሪያ ውኃ ሞልቶበት፣ ሐኪሙም ሳያውቅለት ይሞት ነበር።

አውንብሩገር የሰውን ደረት እንደ በርሜል አየው። ጤነኛ ሳንባ አየር ይዟል፤ ስለዚህ ሲመቱት እንደ ባዶ በርሜል መጮኽ አለበት። ውኃ ከሞላ ግን ድምፁ መደፈን አለበት። በጣቶቹ መታ፤ አዳመጠ፤ እንዳሰበውም ሆነ።

እዚህ ላይ ግን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ሰውየው «ደረት በርሜል ይመስላል» ብሎ አልተቀመጠም። ምሳሌውን ፈተነው። በሞቱ ሰዎች ደረት ውስጥ ውኃ እየጨመረ ከውጭ ይመታ ነበር፤ ውኃው እስከ የት እንደ ደረሰ በድምፁ ለየ። ሰባት ዓመት ከተከታተለው በኋላ በ1761 መጽሐፍ ጻፈ። የዘመኑ ሐኪሞች ብዙም አላስጠጉትም። መጽሐፉ በሰፊው የታወቀው በ1808፣ ኮርቪዛር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ወደ ቋንቋው ሲተረጉመው ነው። አውንብሩገር ያን ጊዜ የ80 ዓመት ሽማግሌ አልፏል። በሚቀጥለው ዓመት ሞተ።

የኮርቪዛር ተማሪ የነበረ ላኔክ የሚባል ሐኪም ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰደው። በ1816 በፓሪስ ከተማ አንዲት የልብ ሕመምተኛ ወጣት ሴት መጣችለት። በዚያ ዘመን ሐኪም የልብን ምት የሚሰማው ጆሮውን ደረት ላይ አስጠግቶ ነበር። በሷ ላይ ይህን ማድረግ ነውር ሆነበት፤ ሰውነቷም ወፍራም ስለ ነበር በእጅ መምታቱ አልጠቀመም። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው። የረጅም እንጨት አንዱን ጫፍ በመርፌ ቢጭሩት፣ ጆሮውን በሌላው ጫፍ የደገነ ሰው ጭረቱን አጥርቶ ይሰማዋል። ላኔክ ወረቀት ጠቅልሎ እንደ ቱቦ አደረገና አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አኖረ። የልቧ ምት ጆሮ ቢያስጠጋ ከሚሰማው ይልቅ ጠርቶ ተሰማው። ቀጥሎ ከእንጨት ሠራው። ዛሬ ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ማዳመጫ የዚያ ወረቀት ልጅ ነው። ላኔክ በዚያ መሣሪያ የሳንባ በሽታን ሲያጠና ኖሮ በ1826 ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዕድሜው 45 ነበር።

እንግዲህ ተመልከቱ። የበርሜሉን ድምፅ ብዙ ሰው ሰምቷል። የእንጨቱን ጨዋታ ብዙ ልጅ ተጫውቶታል። የፈጠራ ሰው የሚባለው ማንም ያላየውን ያየ ብቻ አይደለም። ሁሉም የሚያየውን ነገር ከአንድ ቦታ አንሥቶ ማንም ወዳላሰበው ቦታ የወሰደውም ነው። ጭጎጎትን አታውቁም? በበልግና በመኸር ልብሳችን ላይ እየተጣበቀ የሚያስመርረን! ደ ሜስትራል የሚባል የስዊዝ መሐንዲስ በ1941 ከአደን ሲመለስ የዚህ ዓይነት ፍሬ በልብሱና በውሻው ጠጉር ላይ ተጣብቆ አገኘው። በአጉሊ መነጽር ሲያየው ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉት። ከዚህ ተነሥቶ ነው፣ ሲጫኑት የሚይዘውን፣ ሲስቡት ጭርር ብሎ የሚላቀቀውን የጫማና የቦርሳ ማያያዣ የሠራው። እኛ ነቅለን እንጥለዋለን፤ እሱ ነቅሎ አየው።

እስካሁን የማመሳሰልን ጥቅም ነው የነገርኳችሁ። ጉዳቱንም ካልነገርኳችሁ ግማሹን ደብቄያለሁ ማለት ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ስናስተምር ከቧንቧ ውኃ ጋር እናመሳስለዋለን። ኮረንቲው በሽቦው ውስጥ እንደ ውኃ «ይሄዳል» እንላለን። ወፍራም ቧንቧ ብዙ ውኃ እንደሚያሳልፍ ወፍራም ሽቦም ብዙ ኮረንቲ ያሳልፋል። ጥሩ ምሳሌ ነው። ግን ቧንቧ ሲሰበር ውኃው ሲፈስ ይታያል፤ ፈሶ ፈሶም የቧንቧው ባልቦላ ሲዘጋ ያልቃል። ነፋስ የጣለው የመብራት ሽቦ ግን መሬት ላይ ተጋድሞ ምንም ሲፈስ አይታይበትም። «ፈሶ አልቋል» ብሎ የነካው ሰው ይሞታል። ምሳሌው እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው። የወደቀ ሽቦ ስታዩ ልጆችንም ከብቶችንም አርቁ፤ አትጠጉት፤ ለመብራት ኃይል ሰዎች ንገሩ።

ሌላም አለ። ጎረቤት ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንክብል ተሰጠው፣ ተሻለው። እኔንም ያተኩሰኛል፣ ራሴን ያመኛል። ታዲያ የተረፈውን እንክብል ልዋጥ? የሱ ወባ፣ የኔ ተስቦ ሊሆን ይችላል። መልካቸው አንድ ነው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

በዚህ ላይ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዝሆኔ ነገር ነው። ስሙ የወጣው ያበጠው እግር የዝሆን እግር ስለሚመስል ነው። ስሙ መልኩን ይነግረናል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። በአገራችን ዝሆኔ የምንለው ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። አንዱ በቆላ አገር ትንኝ የምታስተላልፈው ቀጭን ትል የሚያመጣው ነው። ሁለተኛው በደጋና በወይና ደጋ፣ በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ነው፤ የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል ይገባና እግሩን ያሳብጠዋል። ይህን ሁለተኛውን ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በስፋት አጥንቶታል። ትንኝም፣ ትልም፣ እርግማንም የለበትም። ሰዎች ግን ያመሳስላሉ። «ጉንፋን ይጋባል፣ እከክ ይጋባል፤ ይህም በሽታ ነውና ይጋባል» ይላሉ። በዚህ የተነሣ ስንቱ ሰው ከማኅበር ተገለለ! ስንቷ ልጅ ሳታገባ ቀረች! የአፈሩ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። መከላከያው ጫማና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው። አብሮ መብላት፣ አብሮ መቀመጥ ምንም አያመጣም።

ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ እንደዚያ ነው» ሲላችሁ አንዲት ጥያቄ ጠይቁት። የሚመሳሰሉት በመልካቸው ነው ወይስ በአሠራራቸው? ደረትና በርሜል በመልክ ምንም አይመሳሰሉም፤ በአሠራር ግን ተመሳሰሉ። ሁለቱ ዝሆኔዎች በመልክ አንድ ናቸው፤ በአሠራር ይለያያሉ።

አሁን ደግሞ ሁላችንም ቤት ወደሚገባው ጉዳይ እንምጣ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው እንዲህ የሚል ሐሳብ ይሰማል። «የሚያፈስ እንስራ ላይ ውኃ ቢጨምሩበት ያው ይፈስሳል። ስለዚህ ተቅማጡ እስኪቆም ልጁ ውኃም ጡትም ይቅርበት።» ይህን የሚሉ ሰዎች ልጃቸውን የሚጠሉ አይደሉም። ሐሳቡም ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ማመሳሰል ነው። ግን ምሳሌው የተሳሳተ ነው። እንስራ ባዶ ቢሆን አይሞትም። ልጅ ግን ይሞታል።

ልጅን የሚመስለው ችግኝ ነው። ችግኝ ውኃ ሲያጣ መጀመሪያ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ከዚያ አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ ይደርቃል። የሕፃን ገላ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ተቅማጥ ሲይዘው ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሲያለቅስ ዕንባ የለውም፣ ሽንቱ ያንሳል፣ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ልጁን የሚገድለው ተቅማጡ ሳይሆን ይህ ድርቀት ነው። ችግኝ ጠውልጎ ሲያይ ውኃ የሚከለክለው ገበሬ የለም።

ይህ ነገር በሺህ በሚቆጠር ሰው ላይ ታይቷል። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ሕንድ ድንበር ላይ ተሰብስበው ሳለ ኮሌራ ገባባቸው። በመርፌ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሕንዳዊ ሐኪም ጨውና ስኳር መሳይ ዱቄት በንጹሕ ውኃ አስበጥብጦ፣ በበርሜል አስሞልቶ፣ ዘመዶቻቸው በሽተኞቹን በኩባያ እንዲያጠጧቸው አደረገ። በስደተኛው ሰፈር ከ100 በሽተኛ 30 ያህሉ ይሞት ነበር። ይህ ከተጀመረ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር ከ100 በሽተኛ ወደ 4 ገደማ ወረደ።

ጨውና ስኳር ለምን? ይህንንም በምሳሌ ልንገራችሁ፤ ምሳሌ መሆኑን ግን አትርሱ። በአንጀት ግድግዳ ላይ አንድ በር አለ በሉ። ጨው ብቻውን ሲያንኳኳ በሩ አይከፈትለትም። ስኳርና ጨው ተያይዘው ሲመጡ ግን ይከፈታል፤ ውኃው ከኋላቸው ተከትሎ ይገባል። ተቅማጡ ገና ሳይቆም እንኳ ይህ በር ይሠራል። የሚያፈሰው እንስራ እንዲህ ያለ በር የለውም።

ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የተዘጋጀ ከረጢት ከሁሉ ይሻላል፤ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አሁን ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ከረጢቱ እስኪገኝ ድረስ ግን ቤት ውስጥ ይሠራል። አፍልታችሁ ባቀዘቀዛችሁት 1 ሊትር ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው እኩል ይሁን፤ አይቆለል። ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳዋል። ስለዚህ ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ቅመሱት። ከዕንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ድፉትና እንደገና በጥብጡ። ዕንባውን መለኪያ ማድረግ ራሱ ማመሳሰል ነው አይደል? በትንሽ በትንሹ፣ በማንኪያ፣ ደጋግማችሁ አጠጡት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ከሆነ አታቋርጡ። የዚንክ እንክብልም ስለሚሰጥ ከጤና ሠራተኛ ጠይቁ። ሰገራው ደም ካለበት፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደከመና ከፈዘዘ በቤት አትያዙት፤ እያጠጣችሁ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ይህን ሁሉ በቃል ከመንገር የሚሻል አንድ ትምህርት አለ። ዴቪድ ወርነርና ቢል ባወር በ1982 ባሳተሙት የገጠር ጤና ሠራተኞች ማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ወርነር ይሠራ የነበረው በሜክሲኮ ተራራማ መንደሮች ነው። የሚያስፈልገው አንድ ቅል ነው። ቅሉ ላይ ዓይንና አፍ ሣሉበት፤ ሕፃን ይሁን። ከላይ የእርግብግቢቱን ያህል ክፈቱት። ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ብሱና በእንጨት ውተፉት። ውኃ እስከ አፉ ሙሉት። ላዩን በረጠበ ስስ ጨርቅ ሸፍኑት። ከዚያ ልጆቻችሁንና ጎረቤቶቻችሁን ሰብስቡና ውታፉን ንቀሉት። ውኃው ከታች ሲወርድ ጨርቁ ከላይ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። «እርግብግቢቱ ገባ!» የሚል ሰው ከመካከላቸው አይጠፋም። ያን ጊዜ እንደገና ሙሉት፤ ጨርቁ ተመልሶ ይነሣል። ቅል ካጣችሁ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጣችሁ ብትጠቀሙም ይሆናል፤ ጨርቁን ግን ዳር ዳሩን በክር አጥብቃችሁ እሠሩት፤ አየር ካስገባ አይሰረጉድም።